«ቡቺ አይናከስም» ላሉን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ በዛብህ፤
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የጸጥታ ኮሚቴያችን ሰብሳቢና የቡቺ ጌታ፤
ሚዛን ተፈሪ።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ስብሰባዎ ሁሉ ደህና ነው ወይ? ቡቺስ እንዴት ነው? እኔ ምስጋና ለአላህ ይሁንና እስከ ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። በሁለቱም ላይ የጥርስ ምልክት የለብኝም፤ በእኛ ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጸጋ እንዳልሆነ ስለማውቅ ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ለሚያነቡት ለሌሎች ሰዎች ማንነቴን ልናገር። ከሊቀመንበሩ የግቢ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ኮረሪማ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ የምሸጠው አስያ አባቢያ ነኝ። አቶ በዛብህ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ማናልሞሽ ደግሞ ጎረቤቴ ብቻ ሳትሆን እህቴ ናት። ልጄን ላምያን ስወልድ ገንፎ አገንፍታ ያበላችኝ እሷ ናት፤ እሷ ሔዋንን ስትወልድ ልብሷን ያጠብኩላት እኔ ነኝ። እንዲህ ተዋደው የሚኖሩ ሰዎች ምን ቢገጥማቸው በአደባባይ እስከ መጻፍ ደረሱ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ጥቂት ረዘም ይላልና በትዕግሥት ያንብብልኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ የመንግሥት ሰው ተራ ቁጥር ያለበትን አቤቱታ ይወዳል ሲባል ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቡቺን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ከቴፒ ማዶ ካለው የቡና እርሻዎ በጃኬትዎ ውስጥ ሸጉጠው ያመጡበት ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ጭንቅላቱ ብቻ በዚፑ በኩል ብቅ ብሎ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው፤ ላምያ በጣቷ ወተት አላሰችው። ስሙንም «ቡቺ» አሉት። ለቡችላ የወጣው ስም ጥጃ ሲያህልም አልተቀየረለትም፤ ችግሩ የጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል። እርስዎ «ቡቺ!» ብለው ሲጠሩ የሚታይዎ ያ በጃኬትዎ ውስጥ የነበረው ነው። እኛ ደግሞ «ቡቺ!» ሲባል ስንሰማ በር እንዘጋለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰጡን ተከታታይ ትምህርት አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሻሚል ባጃጅ ነጂ ነው። የማናልሞሽን የበቆሎ ከረጢት አድርሶ ከግቢዎ ሲወጣ፣ ቡቺ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጮህ ከኋላው መጥቶ ባቱን ያዘው። እርስዎ ወጡ፤ የቡቺን ጆሮ ይዘው «አይ አንተ ባለጌ!» አሉት፤ እሱም ጅራቱን ወዘወዘ። ከዚያ ወደ ሻሚል ዞረው «አይናከስም እኮ፤ የባጃጅ ድምፅ ስለሚጠላ ነው» አሉት።

ሻሚል ደሙ ወደ ጫማው እየወረደ «ጋሼ፣ ሞተሩን እኮ አጥፍቼ ነበር» ቢልዎ፣ «እሱ ግን ያስታውሳላ» ብለው መለሱለት።

ከዚያ ጡረታ የወጡት መምህር ኃይለሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክንዳቸውን ተነከሱ። ምክንያቱ ጃንጥላ ነው ተባለ፤ ዱላ መስሎት። በሚዛን ዝናብ ጃንጥላ የማይዝ ሰው ማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ቀጥሎ እንጨት ተሸክማ የምታልፍ ሴት ተነከሰች፤ ስለ ሮጠች ነው አሉ። ከእሷ በኋላ የተነከሰው ልጅ አልሮጠም ነበር፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ዓይን ዓይኑን ስላየው ነው» አሉ። ስለዚህ ከእርስዎ የተማርነው ይህን ነው፦ በእኛ መንገድ የሚያልፍ ሰው አይሮጥም፣ አይቆምም፣ አያይም፣ ጃንጥላ አይዝም፣ ባጃጅም አይነዳም። ይህን የምናሟላው ሞተን ስንሸኝ ብቻ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የሚያገለግል ጊዜያዊ መመሪያ ቢያወጡልን እንዴት በወደድን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ገበያተኛ እየሰማ፣ ፈገግ ብለው «አስያ፣ አንቺ የምትፈሪው ቡቺን አይደለም። እናንተ ድሮም ውሻ አትወዱም፤ ሃይማኖታችሁ ስለሆነ አልፈርድባችሁም» አሉኝ። ስላልፈረዱብኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ። አባቴ አባቢያ ጅማ አጠገብ ባለው የቡና ማሳው ላይ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያባርሩለት ሦስት ውሾች ነበሩት። ምራቃቸው ሲነካን ታጥበን እንሰግዳለን፤ ምግባቸውን ግን ከእኛ ቀድመው ይበላሉ። ከሦስቱ አንዱ አባቴን ሲያይ መሬት ላይ ተንከባሎ ሆዱን የሚያሳይ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አባቴ አስቀድሞ የሚያስረው ታዲያ እሱን ነው።

እናቴ «ያንን የሚጮኸውን እሰረው እንጂ፤ ይሄ ምን አደረገ?» ስትለው፣ «የሚጮኸውማ ራሱ ይነግርሻል። ይሄ ለእኔ ገር ነው፤ እኔ በሌለሁበት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» ይላት ነበር።

አቶ በዛብህ፣ እርስዎም የሚያውቁት እርስዎ ያሉበትን ቡቺ ነው። የእግርዎን ኮቴ ሲሰማ የሚያለቅሰውን፣ ጭንቅላቱን ጉልበትዎ ላይ የሚያሳርፈውን ያውቁታል፤ እሱ መልካም ውሻ ነው፣ አልክድም። እርስዎ ቢሮ ከሄዱ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚቀረውን ቡቺ ግን አንድ ቀን አግኝተውት አያውቁም። ከዚያኛው ጋር የምንውለው እኛ ነን።

ሦስተኛ፣ አቤቱታችንን ፈጥነው ስላስፈጸሙልን አመሰግናለሁ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ፈረመ፤ የተነካሾቹም ስም፣ የነካሹም ስም በግልጽ ተጻፈ። አቤቱታው የቀረበው ለእርስዎ ነው፤ የመረመሩት እርስዎ ነዎት፤ ኮሚቴውንም የሰበሰቡት እርስዎ ነዎት። በስብሰባው ላይ ተነሥተው «የኅብረተሰቡ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በሰፈራችን የውሻ ስጋት አለ፤ አስቸኳይ እርምጃ ይወሰዳል» ሲሉ ደስ ብሎኝ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ ሱቄን ልከፍት ስወጣ መንገዱ ዳር ውሾች ተዘርግተው አገኘሁ። የተመረዘ ሥጋ በልተው ነው። አንዱ ቦዩ ውስጥ፣ አንዱ ከመብራት ምሰሶው ሥር፣ አንዱ ደግሞ ከእኔ ሱቅ ደጃፍ፣ ሁልጊዜ ከሚተኛበት ማዳበሪያ ላይ። ይህኛው ዳማ ነበር፤ የእትዬ ውድነሽ ውሻ። እትዬ ውድነሽ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ዳማ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ሕፃናት ጅራቱን ሲጎትቱት እንኳ ተነሥቶ ቦታ የሚቀይር ውሻ ነበር። በዚያው ሰዓት ቡቺ በአጥርዎ ቀዳዳ አፍንጫውን አውጥቶ ያያል።

እትዬ ውድነሽ መጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ «አስያ፣ ፈርማችኋል አሉ» አሉኝ።

«ስለ ቡቺ ነው የፈረምነው፣ እትዬ። ስሙን ጽፈን ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ እነሱ ማንበብ አይችሉም እንዴ?»

ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅ «እርምጃው ባለቤት የሌላቸውን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ ቡቺ ባለቤት አለው» አሉኝ። ዳማም ባለቤት ነበረው ብልዎ «አንገቱ ላይ ማሰሪያ የለውም» አሉ። ማንንም ነክሶ ስለማያውቅ ማሰሪያ የሚገዛለት ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ ይኸው ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከዳማ በኋላ ሰፈሩ ተቆጣ። መምህር ኃይለሚካኤል ሽማግሌዎች አሰባስበው ወደ ቤትዎ ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ማናልሞሽ በሱቄ የጓሮ በር ገባች። ነጠላዋን ቀኝ እጇ ላይ ጠምጥማዋለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አስያዬ፣ ፋሻ አለሽ?» አለችኝ።

ነጠላውን ስፈታው ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ድረስ ተቀዷል። በሌላኛው በኩል ደግሞ ሁለት ጥልቅ ቀዳዳ። እየበላ ሳለ ሳህኑን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነው። ቧንቧውን ከፍቼ በሳሙና አጠብኳት፤ ውሃው እየወረደ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ፣ እኔ እያለቀስኩ።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት» አለች።

«ማኔ፣ አንቺም?» አልኳት።

ወዲያው ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። «ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሁሉም ነገር ዛሬ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለበዛብህ እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ፣ በማርያም ይዤሻለሁ» አለችኝ። በማርያም ይዛኝ እንዴት ልናገር?

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቡቺ በጓሮ ታስሮ ስለነበር እኔም እንደ ከሳሽ ገብቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። መምህር ኃይለሚካኤል በጨዋ ደንብ ነገሩን አስረዱ። እርስዎም አዳመጡ፤ ከዚያ ተነሥተው ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «አባቶቼ፣ ይህ ውሻ አንድ ቀን በቤተሰቤ ላይ ጥርሱን አሳይቶ አያውቅም። ያሳየ ዕለት ሽማግሌ አያስፈልገኝም፤ ራሴ አስወግደዋለሁ። ካላመናችሁ ይቻት ማናልሞሽ።» ዞረው ተመለከቷት። «እስኪ አንቺው ተናገሪ፤ አንድ ቀን ነክቶሽ ያውቃል?»

ማናልሞሽ በግራ እጇ ትሪ ይዛ ቆማለች። ቀኝ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው። እኔን አየችኝ፤ እርስዎን አየችዎት፤ ሽማግሌዎቹን አየች።

«ኧረ በጭራሽ» አለች።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። እኔ እስከዛሬ ከዚያ ወንበር የተነሣሁ አይመስለኝም።

በነጋታው ሳገኛት «በቃ፣ አሁን ንገሪው» አልኳት። «እንዴት አድርጌ? ሽማግሌ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ ይለኛል። ደግሞ እኮ ጠይቆኛል፤ እጅሽ ምን ሆነ አለኝ፤ ዘይት ፈነጠቀብኝ አልኩት» አለች። እርስዎም «ተጠንቀቂ እንጂ» ብለው አለፉ። በዚያው ሳምንት ቡቺ መዳፉ ላይ እሾህ ገብቶበት በመኪና ጭነው ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስዱት አይቻለሁ። ለእንስሳ ያለዎትን ርኅራኄ ሳላደንቅ አላልፍም።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱ በከተማችን በዚያን ሰሞን ስላልተገኘ ጅማ መሄድ ግድ ነበር። እንዴት ብዬ ላውጣት? ጅማ የምትኖር ነጅዋ የምትባል እህት አለችኝ። «ነጅዋ ልትዳር ነው፤ ማናልሞሽን ለሰርግ ይስጡኝ» ብዬ ለመንኩዎት፤ እርስዎም በደስታ ፈቀዱ። ነጅዋ ካገባች ቆይታለች፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ክትባቱ ግን አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያልቅ አልሆነም። ስለዚህ ቀጥሎ መልስ ተጠራን። ቀጥሎ ነጅዋ ታመመች። ቀጥሎ ከባሏ ተጣልታ አስታራቂ ሆነን ሄድን። እህቴ ምንም ሳታውቅ በአንድ ወር ውስጥ ተዳረች፣ ታመመች፣ ልትፋታ ደርሳ ታረቀች። እርስዎ ደግሞ በአንድ ስብሰባ ላይ «የእኔ ባለቤት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰርግ አያመልጣትም፤ አብሮ መኖር ማለት ይህ ነው» ብለው አስጨበጨቡ አሉ። እኛ ያኔ ቦንጋ ላይ ሚኒባሱ ጎማው ፈንድቶ፣ ዝናብ እየመታን፣ ቀጠሮው እንዳያልፍብን መንገድ ላይ መኪና እየለመንን ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሐኪሙ «የነከሰሽ ውሻ የማን ነው? ታስሮ ሊታይ ይችላል?» ብሎ ጠየቃት።

ማናልሞሽ ወለሉን እያየች «የመንገድ ውሻ ነው» አለች።

እንግዲህ እነዚያ በመርዝ ያለቁ ውሾች፣ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ደግሞ ነከሱ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መርፌው አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው ውሃ ይፈራል፣ መዋጥ አይችልም ሲባል ሰምታ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከአጠገቧ አይለይም። እየቆየች ትጎነጫለች፤ እየቆየች ራሷን ትፈትናለች። ሱቅ ውስጥ ሰው እያስተናገድኩ ስልኬ ይጮሃል፤ አነሣዋለሁ፤ በሹክሹክታ «አስያዬ፣ ዋጥኩት» ትለኛለች፤ ስልኩ ይዘጋል። እኔም ቆሜ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ገበያተኛው ምን ሆነች ብሎ ያየኛል። ከመንገዱ ማዶ እርስዎ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቡቺን እያሻሹ ጋዜጣ ያነባሉ። በመካከላችሁ ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሚስትዎ በየሰዓቱ አለመሞቷን ለእኔ ትነግረኛለች።

ክትባቱን ጨረሰች። ቁስሉም ዳነ፤ አውራ ጣቷ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። በቃ፣ አለፈ ብዬ ነበር። የሆነውን ለእርስዎ እንድትነግርዎ መወትወቴንም ትቼ ነበር።

ባለፈው እሑድ ግን ሱቄ ውስጥ ሆኜ በተከፈተው በርዎ አየሁ። ሔዋን ቡቺ ጀርባ ላይ ልትወጣ ትታገላለች። አንዱን ጆሮውን በጭብጧ ይዛለች። ቡቺ ደርቆ ቆሟል፤ አፉን ገጥሟል፤ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ከጫፉ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ሻሚልን ከመያዙ በፊት እንደዚያው ነበር፤ መምህሩንም እንደዚያው። እርስዎ ስልክዎን አውጥተው ፎቶ እያነሡ «እዩት፣ ጅራቱን ይወዘውዛል! ደስ ብሎት እኮ ነው!» እያሉ ይስቃሉ። በእርስዎ ኋላ ደግሞ ማናልሞሽ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ቡቺ እንዳይደነግጥ ፈርታ ነው። ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እየሳቀች መጣች፤ ሔዋንን በዚያች አውራ ጣቷ በማይታጠፍ እጇ ከብብቷ ሥር አንሥታ አቀፈቻት፤ ወደ ቤት ገባች። እርስዎም «ምን ነካሽ፣ ፎቶውን አበላሸሽብኝ!» አሏት።

እኔ ቆሜ የነበረው የእርድ ጆንያ ላይ ተደግፌ ነው። በሩ ከኋላቸው እስኪዘጋ ድረስ ዓይኔን አላነሣሁም።

ሰኞ ጠዋት እርስዎ ቢሮ ከገቡ በኋላ ማናልሞሽ ሔዋንን አዝላ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። «ወደ ነጅዋ ልሄድ ነው። ሻሚል መናኸሪያ ያድርሰኝ» አለች።

«ለበዛብህ ምን ብለሽው ነው?»

«ሌላ ሰርግ አለ ብዬዋለሁ። ይሁን ብሎኛል።» ከዚያ እጇን አየችው። «አስያዬ፣ ጻፊለት። ሰው ሁሉ በሚያነበው አድርገሽ ጻፊው።»

«ሰው በሚያነበውማ አይሆንም፣ ማኔ፤ ነውር ይሆንብሻል» አልኳት።

«ለብቻው ብነግረው ዘይት ነው ይለኛል። ሁለት ቀን ከነገረኝ እኔም አምናለሁ» አለችኝ። «እንዲገድለው አልፈልግም። ውሻው ምን ያድርግ? ውሻ ነው። እኔ የምፈልገው በዛብህ አንድ ጊዜ እጄን ይዞ እንዲያየው ብቻ ነው።»

እንግዲህ አቶ በዛብህ፣ ሚስትዎና ልጅዎ ሰርግ ላይ አይደሉም። ሰርግ የለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት ቃል ግን አለ። ማናልሞሽ ደግሞ ከቃልዎ ያነሰ ነው የጠየቀችው፦ ቡቺ ይከተብ፣ እርሻው ላይ ሰው በማይደርስበት አጥር ውስጥ ይታሰር፣ ከእንግዲህም ሔዋን ባለችበት ግቢ አይፈታ። ይህን አድርገው ጅማ ከሄዱ ትመለሳለች። «ምናልባት እኮ…» ብለው ከጀመሩ ግን አትመለስም፤ ይህን ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ከእርስዎ ጋር ተጣልቼ የምኖርበት ሌላ ሰፈር የለኝም። ሱቄም እዚሁ ነው፣ ልጄም እዚሁ ናት፤ ነገም ሱቄን ስከፍት በርዎን እያየሁ ነው የምውለው። ያቺ ሴት ግን ሌላ ሽማግሌ ፊት ቆማ «ኧረ በጭራሽ» እንድትል አላደርግም። ከዚህ ወዲያ የማውቀው ጨዋነት የለኝም።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ከሥራዎ ላይ ጊዜ ስላባከንኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እድሜና ማስተዋል እንዲሰጥዎ፣ በተለይም ማስተዋሉን እንዳያዘገይብዎ ፈጣሪዬን እየለመንኩ፣ በፍርሃትም በአክብሮትም ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጎረቤትዎ፣
አስያ አባቢያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ ብመጣ ጥበቃው «ማኅተም የለበትም» ብሎ መለሰኝ። በግቢዎ በር ላይ እንዳልለጥፈው ደግሞ ምክንያቱን ያውቁታል። ስለዚህ በራሴ ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ሲመችዎ መንገዱን ተሻግረው ያንብቡት፤ ቢፈልጉም በሩን ገፍተው ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ። ሳይሮጡ፣ ሳይጨነቁ፣ ጃንጥላዎንም እንደያዙ መግባት ይችላሉ። እዚህ የሚናከስ የለም።